በግድቡ ጀርባ ላይ የነበረው የሐሙስ ጫት

ከታች ያለው ጎረቤታችን የከተማ ቤታችንን አያውቀውም ነበር። የምንገናኘው ሶፊ በሚባለው ገጠር፣ እርሻው ላይ ነው። እሱ በሽንኩርቱ መሃል ቆሞ፣ እኔ ከላይ ከግድቡ አናት ላይ ሆኜ ሰላም እንባባላለን፤ ያ ብቻ። አንድ ቀን ጠዋት ግን የጁገልን ጠባብ መንገዶች ጠይቆ ጠይቆ ደጃችን ደረሰ። ጫማውን አውልቆ ገባ። ከፍ ያለው ነደባ ላይ እንዲቀመጥ ምንጣፉን አስተካከልኩለት። እሱ ግን ለበሩ የሚቀርበውን ዝቅተኛውን መደብ መረጠ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ወይ ቸኩሏል፣ ወይ የሚጠይቀው ነገር አለው። የቸኮለ አይመስልም ነበር።

«አዴ፣ ግድቡ እያላበው ነው» አለኝ፤ እንደ እናት ሲያከብረኝ አዴ ይለኛል።

«እንዴት ነው የሚያልበው?»

«ጀርባው እርጥብ ነው። ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ዘንድሮ በዝቷል።»

«ያ ውሃ ድሮም ነበር።»

«ነበር። በዝቷል ነው ያልኩት።»

ልጄ ሻይ ይዛ ገባች። ብርጭቆውን ተቀብሎ ሳይጠጣ አጠገቡ አስቀመጠው።

«ክረምቱ ሳይገባ ውሃው ቢቀነስ ጥሩ ነው» አለ። «ቢለቀቅ።»

«ወዴት ይለቀቃል?»

ከግድባችን የሚለቀቅ ውሃ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእሱ ማሳ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ልጄም ታውቃለች። ባለፈው በጋ ለሽንኩርቱ ውሃ ጠይቆኝ ለእኛም አይበቃንም ብዬ መልሼው ነበር።

ሲነሳ እንዲህ አለ፦ «ትልቋ ልጄ ለመውለድ እኛ ቤት መጥታለች። የምትተኛው በሸለቆው በኩል ባለው ክፍል ነው። ግድቡ ቢሄድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።»

«አላህ በሰላም ያገላግላት» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን ለልጄ የነገርኳት ሌላ ነው።

«ሽንኩርቱ ጠምቶታል።»

«እማ፣ ሰውየው ስለ ልጁ ነው ያወራው።»

«ስለ ልጁ ያወራው መጨረሻ ላይ ነው። ስለ ውሃው ግን መጀመሪያ።»

«አንቺ እኮ ዝናብ ቢመጣም ማን ላከህ ሳትይ አታስገቢውም» አለችኝና የሰውየውን ሻይ ይዛ ወጣች። አንድ ጊዜም አልቀመሰውም ነበር።

ስለ ግድቡ ትንሽ መናገር አለብኝ። የሠራው ባለቤቴ ነው፣ አላህ ይዘንለት። ግድብ ሲባል ሰው ትልቅ የሲሚንቶ ነገር ያስባል። የእኛ የአፈር ነው። ሁለት ጉብታዎች በሚቀራረቡበት ቦታ ላይ ቀይ አፈር አስቆልሎ፣ ውሃ እያርከፈከፈ፣ በከብት እያስረገጠ ከፍ አደረገው። ክረምት ይሞላል። በጋ ላይ በሞተር እየሳብን ጫቱንና ማንጎውን እናጠጣበታለን። ልጆቼ የተማሩት በዚያ ውሃ ነው። ባለቤቴ ከሄደ በኋላ የማንንም ደጅ ሳልጠና የኖርኩትም በዚያው ነው። አልሐምዱሊላህ። ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

ዝናብ አፈሩን እንዳይሸረሽረው ብሎ፣ ባለቤቴ በግድቡ ጀርባ፣ ውሃ በሌለበት ቁልቁለት ላይ፣ ጫት ተከለበት። የእኛ አገር ሰው ባዶ መሬት አይቶ አያልፍም፤ ጫት ያልተተከለበት ቦታ ካለ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ከዚያ አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት መጣ። በኩሬው ያለውን ውሃ ለባሰ ቀን ብለን ቆጥበን ያዝነው። የማሳው ጫት ጠወለገ። ማንም ያላጠጣው የግድቡ ጀርባ ጫት ግን አረንጓዴ ሆኖ ቀንበጥ አወጣ።

ባለቤቴ ከፊቱ ቆሞ ሲያየው አስታውሳለሁ። «ይኸ የእኛ አይደለም» አለ። እዚያው ለአላህ ብሎ ኒያ፣ ስለት፣ አደረገበት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቁልቁለት ጫት ሐሙስ ሐሙስ ተቆርጦ በጁገል ውስጥ ወዳለው የወልዩ፣ የቅዱሱ ሰው ቀብር ይሄዳል፤ ዚክሪ ላይ አላህን ሲያወድሱ የሚያድሩት ይቅሙታል። ገበያ ወጥቶ አያውቅም። የሚቆርጠው ሰው ውዱእ አድርጎ፣ ለሶላት እንደሚታጠበው ታጥቦ፣ ይገባል። ዶማ አይገባበትም፣ ከብት አይገባበትም፣ ልጆችም አይሮጡበትም። እያደር እንደ ጫካ ገጥሞ የግድቡን ጀርባ ሸፈነው። የሐሙስ ጫት እንለዋለን።

ከሱ ስር፣ ከግርጌው፣ የጣት ውፍረት ያላት ውሃ ትወጣ ነበር። ጥርት ያለች። እርሻ ስወርድ ውዱእ የማደርገው በእሷ ነው። ከዚያ ጥላው ስር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እሰግዳለሁ። በረካ ነው እንል ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ስንት እንዳመሰገንኩ አላህ ያውቃል።

ጎረቤታችን «ያልበዋል» ያለው እንግዲህ ይህንን ነው።

በማግስቱ ከልጄ ጋር በሚኒባስ ወረድን። እርሻውን የሚጠብቅልን ሰው እኩያዬ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ሆኖ ግድቡን በከብት ያስረገጠው እሱ ነው። በአናቱ ላይ ይዞን ሄደ። ኩሬው ከወትሮው ወርዷል።

«ሞተሩ አብዝቶ ሳበ?» አልኩት።

«ሞተሩ ከተበላሸ ሰነበተ እኮ አዴ። ለልጅዎ በስልክ ነግሬያታለሁ።»

ልጄ በአንገቷ አዎ አለች።

«ታዲያ ውሃው የት ሄደ?»

«ፀሐይ ነው።»

«ፀሐይ አምናም ነበረች።»

ወደ ታች አየ። እኔም ወደ ታች አየሁ። የጎረቤታችን ሽንኩርት አረንጓዴ ነው። በዚያ ወቅት አረንጓዴ መሆን አልነበረበትም።

ጥርጣሬዬ ቅርጽ የያዘው ያን ጊዜ ነው። የሆነ ቦታ ቱቦ ቀብሯል አልኩ። በቱቦው ውሃችንን ይወስዳል፤ እንዳይታወቅበት ደግሞ ቀድሞ መጥቶ ግድቡ ያልበዋል ይላል። ጠባቂያችንንም ተጠራጠርኩት። ከሰዓት ከሰዓት ከጎረቤታችን ጋር አብረው እንደሚቅሙ አውቃለሁ። አብረው የሚቅሙ ሰዎች ምን እንደሚስማሙ ማን ያውቃል? ልጄን ይዤ ከግድቡ በታች ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ቱቦ ስፈልግ ዋልኩ። እሾህ ቀሚሴን ቀደደው። ቱቦ አልነበረም።

«ካላገኘሽው የለም ማለት ነው» አለች ልጄ።

«ወይም በደንብ ቀብሮታል» አልኳት።

ጎረቤታችን አላረፈም። አንድ የግብርና ባለሙያ ለምኖ አመጣ። ባለሙያው ጎልማሳ ነው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። በአናቱ ላይ ሄደ፣ በጎን ወረደ፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ አየ። የሐሙስ ጫት ውስጥ ሊገባ ሲል ጠባቂያችን ክንዱን ያዘው።

«ውዱእ አለህ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያው ከውጭ ሆነህ እይ።»

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ይግባ አላልኩም። ከጫቱ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ በቅጠሉ መሃል አጮለቀ። ሲቆም ጉልበቱ ረጥቦ ነበር። እርጥቡን በእጁ ዳሰሰና ለእኔ እንዲህ አለኝ፦

«እናቴ፣ በአፈር ግድብ ላይ እንጨት አይተከልም። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ውስጥ ይገባል። ያረጀው ሥር ሲበሰብስ ቦታው ክፍት ይቀራል፣ እንደ ቱቦ። ውሃው በዚያ ይመጣል።»

ቱቦ ሲል ሳላስበው ጎረቤታችንን አየሁት። እሱ የሚያየው ግድቡን ነበር።

«የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ ጊዜ አለ» አለ ባለሙያው። «ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው። ያን ጊዜ አይጠበቅም። ውሃውን ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው። ከዚያ ጫቱን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ጉድጓዱን እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ግርጌውን አሸዋና ጠጠር ማልበስ። የትርፍ ውሃ መውጫውም ጠቧል፤ ዝቅና ሰፋ ማለት አለበት።»

«ጫቱን መንቀል?»

«አዎ።»

«ጫቱ የማን እንደሆነ ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል» አለ። «ውሃው ግን ይህን አያውቅም።»

አመሰገንኩት። ደህና ሰው መስሎኝ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ። ቅዳሜ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጥቼ ስመለስ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እሱና ጎረቤታችን ፊት ለፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ከጠረጴዛው እግር አጠገብ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ቆሟል።

ጎረቤታችን እንዳየኝ ብድግ አለ። «አዴ፣ ሻይ ይጠጡ።»

«ጠጥቻለሁ። ሽንኩርቱ ያማረ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በዚህ ድርቅ።»

«አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለ።

ባለሙያው ብርጭቆው ውስጥ አቀርቅሮ ነበር። የባጃጆቹ ጥሩምባ በዝቶ ሌላ የተናገሩትን አልሰማሁም። ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት።

«ተስማምተዋል» አልኳት። «ግድቡ ባዶ ይሆናል፣ ጫቱ ይነቀላል፣ ማሳው ይደርቃል። ከዚያ ሽጡልን ይሉናል።»

«ሰው በአንድ ጆንያ ሽንኩርት ይገዛል?»

«ከአንድ ጆንያ ነው የሚጀመረው።»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሰሞን ስሰግድ ልቤ አይሰበሰብልኝም ነበር። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሽንኩርት ይታየኛል። አስተግፊሩላህ።

ግን ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከግድቡ በታች ልብስ ስታጥብ አግኝቻታለሁ። ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት አቅቷታል፣ ቁጭ ብላ ነው የምታጥበው። ስታየኝ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ዱዓ ያድርጉልኝ አለችኝ፣ አደረግሁላት። ስለ አባቷ የማስበው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ እሷ ምን አጠፋች? ባለሙያው የተናገረው እውነት ከሆነ ደግሞ፣ የምትተኛው ግድቤ ስር ነው። ይህን ይዤ እተኛለሁ፣ ይህንኑ ይዤ እነሳለሁ። ውሃውን ብለቅ የልጆቼን መኖሪያ ነው የምለቀው። ባልለቅስ?

ደመናው በሐኪም ጋራ ላይ መሰብሰብ ሲጀምር ብቻዬን ወረድኩ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደርሶ ነበር። ከግርጌው በአንድ ነጭ የፕላስቲክ ጆግ ውሃ ቀዳሁ። እጄን ታጠብኩ፣ ተጉመጠመጥኩ። ጥርሴ መሃል አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ተፋሁትና ጆጉ ውስጥ አየሁ። ቀይ፣ የላመ አፈር ከስሩ ተኝቷል።

ባለሙያው ያለኝ ትዝ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለሙያው ይህን ሲነግረኝ ጎረቤታችን አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ከደፈረሰ እለቃለሁ እንደምል ያውቃል። እንግዲህ ጫቱ ውስጥ ገብቶ ውሃዋን በእንጨት ቢያምሳትስ? ሰው ልኮ ቢያስረግጣትስ? ሊያስፈራራኝ የፈለገ ሰው ከዚህ የቀለለ ምን ዘዴ አለው?

እይዘዋለሁ አልኩ። ጠባቂያችንን የሞተሩን ዕቃ ገዝተህ ና ብዬ ወደ ከተማ ላክሁት፤ ወሬ እንዳያወጣብኝ ነው። እኔ ዙህርን ሰገድኩና ጫቱ ውስጥ ገባሁ። በአራት እግሬ እየዳህኩ ውሃዋ ከአፈሩ የምትወጣበት ቀዳዳ ድረስ ደረስኩ። ቅርንጫፉ ሻርፔን እየጎተተ ራሴን ገለጠው። እዚያ ቁጭ አልኩ። ሙስበሃዬን፣ መቁጠሪያዬን፣ አወጣሁና ሌባዬን መጠበቅ ጀመርኩ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከላዬ ሰማይ አይታይም፣ ቅጠል ብቻ። የተቀመጥኩበት መሬት ለስላሳ ነው፤ ትንሽ እንደቆየሁ ቀሚሴ ከስር እርጥበት ሳበ። ከታች የሴቶች ድምፅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ኮሽታ ሰምቼ ትንፋሼን ያዝኩ። ወፍ ነበረች። ሱብሓነላህ እላለሁ፣ ቀዳዳዋን አያለሁ። እንደገና ሱብሓነላህ።

ማንም አልመጣም። ማንም ሳይነካት ውሃዋ ዓይኔ ፊት ደፈረሰች። ትንሽ ቆይታ ጠራች። እንደገና ደፈረሰች። ስትደፈርስ ከቀዳዳዋ አፍ አፈር ትተፋለች፤ የተፋችው አፈር ዙሪያውን ተከምሮ የጉንዳን ቤት መስሏል። መዳፌን ከአፏ ላይ ጣል አደረግሁ። ከውስጥ የሚገፋኝ ነገር ነበር።

ቀና ብዬ ቅጠሉን አየሁት። ይህ ሁሉ አረንጓዴ፣ ስንት ዓመት ያመሰገንኩበት፣ የሚጠጣው ከግድባችን ሆድ ነው። የጎረቤታችን ሽንኩርትም የሚጠጣው ከዚሁ ነው፤ ቱቦውን ያጣሁት ተቀምጬበት ስለነበር ነው።

የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን፣ እዚያ አልሰገድኩም። ወደ ጉብታው፣ ወደ ጠንካራው መሬት ወጥቼ ሰገድኩ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስጨርስ ቁልቁል አየሁ። ያቺ ልጅ ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ማሽላ ትለቅማለች።

ሐሙስ ዕለት ጫቱን ይዤ ወደ ወልዩ ቀብር ሄድኩ። ቀብሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሙሪድ ባለቤቴን ያውቁታል፤ ጫታችንን የሚቀበሉንም እሳቸው ናቸው። እስሩን ከፊታቸው አስቀምጬ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ኒያ የተደረገበት ነው» አልኩ። «መንቀሉን ፈራሁ።»

«ከስር የሚኖር ሰው አለ?»

«ነፍሰ ጡር አለች።»

ሙሪዱ እስሩን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ጫት ታጥቶ የቀረ ዚክሪ እስካሁን አላየሁም። ሰደቃ ደግሞ ሰው ላይ ሲናድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ንቀይው።» ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ ጠሩኝ። «የዛሬውን ግን ትተሽልን ሂጂ። ተቆርጧል።»

መንገድ ላይ ጎረቤታችን እሳቸውንም ቀድሞ አግኝቷቸው ይሆን የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አፍሬ በሻርፔ አፌን ሸፈንኩ።

ባለሙያውን ልጄ ደውላ ጠራችው። ሞተሩ ተጠግኖ ነበር። ውሃው በአንዴ ከወረደ ግድቡ ከውስጥ በኩል ይንሸራተታል ስላለ ቀስ እያደረግን ማውረድ ነበረብን። ከመጀመራችን በፊት ለጎረቤታችን ልነግረው ወረድኩ። ውሃ እንደምለቅ የምነግረው እኔ ራሴ መሆን አለብኝ ብዬ ነው። ማሳው ጫፍ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ቱቦ ስፈልግ ከዋልኩበት ቁጥቋጦ ማዶ፣ ከእኛ ግርጌ እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ቦይ ተቆፍሯል። ጎንና ጎኑ በድንጋይ ተደግፏል። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። አፉ ላይ ሣር በቅሏል።

ጎረቤታችን ዶማውን ይዞ መጣ። ቦዩን እንዳየሁት አየ።

«አዴ፣ ውሃው መጥቶ ቤቴ ከሚተኛ በዚህ ይሂድ ብዬ ነው።»

«ሽንኩርቱስ?»

«ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ተገኘ።»

ምን ይባላል? ነገ ይለቀቃል ብዬው ተመለስኩ።

ኩሬው እየወረደ ሲሄድ ጭቃው ወጣ። ባለቤቴ ሲሠራ የረሳው አካፋ ዝጎ ጭቃው ውስጥ ተገኘ፤ ልጄ አጥባ አስቀመጠችው። ጫቱን የምንነቅል ቀን ጠባቂያችን ውዱእ አደረገ። እንደ ሐሙሱ ሁሉ። ቢስሚላህ ብሎ የመጀመሪያውን ግንድ ከነሥሩ ፈነቀለው። ከሥሩ ቦታ ቀዳዳ ቀረ። እጁን አስገባ፤ እስከ ክርኑ ገባ። ተንበርክኮ ጨመረበት፤ እስከ ትከሻው ገባ። ጉንጩ ግድቡን ተደግፎ ወደ እኔ ያየበትን አስተያየት አልረሳውም።

«ስንረግጠው ይኸ አልነበረም አዴ» አለ።

«አልነበረም» አልኩት።

አፈሩ ተመልሶ ሲሞላ የሚረግጥ ከብት አስፈለገ። የራሳችን የለንም። ጎረቤታችን በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ማንም አልጠየቀውም። በግድቡ ጀርባ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲነዳቸው ዋለ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ኪራይ አልጠየቀም። ነገ ምን ሊጠይቀኝ ነው የሚለው ሐሳብ እኔን ይዞኝ ዋለ። ባለሙያው ያለውን አሸዋና ጠጠር ግርጌው ላይ አለበስን። የትርፍ ውሃ መውጫውንም በጉብታው በኩል ዝቅ አድርገን አሰፋነው። ውሃው ከድሮው ከፍታ በታች እንዲቆም ሆነ። ከእንግዲህ የምናጠጣው ማሳ ያንሳል ማለት ነው። ማንጎውን እናድን፣ ከጫቱ የተረፈውን እናያለን አልን።

ትልቁ ዝናብ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ሐኪም ጋራ ጠፋ። የጁገል መንገዶች ወንዝ ሆነው ቀይ ውሃ በደጃችን አለፈ። ልጄ ወደ ጠባቂያችን ስትደውል ስልኩ አይነሳም። እኔ ሰጋጃዬ ላይ ነበርኩ። ያደረግሁት ዱዓ አጭር ነው፦ ያ ረቢ፣ ያቺን ልጅ።

ዝናቡ ሲያባራ ስልኩ ተነሳ። ልጄ ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ሞልቷል» አለ ጠባቂያችን። «በጎኑ እየወጣ ነው።»

«በጀርባው?»

«ጀርባው ደህና ነው። አሁን ቆሜበታለሁ።»

«ውረድ ከዚያ ላይ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወረድን። ኩሬው ደፍርሶ ሞልቷል፤ ትርፉ በጉብታው በኩል እየተንደረደረ ይወርዳል። ግርጌው ሲደርስ ወደ ጎረቤታችን ቦይ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ። አንድ ጠብታ አይባክንም። አሠራሩ ያስቀናል።

ቤታቸው ቆሟል። ያቺ ልጅ ከዝናቡ በፊት በነበሩት ቀናት ተገላግላ ነበር፤ ወንድ ነው። በሸለቆው በኩል ባለው ክፍል ተኝታለች፣ ሕፃኑ ከጎኗ። ወለሉ ደረቅ ነው። እጄን ሳላስበው ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። እናቷ አየችኝ። ማሻአላህ ብዬ ሕፃኑን አቀፍኩት። ከዚያ ያለቀስኩት የደስታ ነው ብለው ነበር። ነው።

ስወጣ ጎረቤታችን ሽንኩርት በፌስታል አስሮ ቆሞ ጠበቀኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ወላሂ ብለህ ንገረኝ።»

«ይጠይቁ።»

«ቦዩን መቼ ነው የቆፈርከው? ቤቴ ከመምጣትህ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

«እንግዲያው ለውሃው ነበር የመጣኸው።»

ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ወላሂ ለሁለቱም ነው አዴ። ለልጄም፣ ለሽንኩርቱም።»

«ባለሙያውስ? ጆንያው?»

«ጆንያው የኔ ነው። ለገበያ ያወረድኩት።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ትንሽ ቀንሼ ሰጥቼዋለሁ። ይኸም ሐራም ነው?»

ፌስታሉን ተቀበልኩት። እውነት የተናገረው በሁለቱም እንደሆነ አምናለሁ፤ ሁለቱን ለየብቻ ግን እስካሁን መመዘን አልቻልኩም። ግድቡን በተመለከተ ልክ ነበር። ቦዩንም አስቀድሞ ቆፍሯል። ሽንኩርቱን ማታ ወጥ ሠራንበት። ልጄ እየከተፈች ዓይኗ እያነባ «እማ፣ ይኸ ሽንኩርት ንጹህ ነው ወይስ ይጣራ?» አለችኝ። የእኔ ውሃ እንደሆነ እያወቅሁ በላሁት። ጣፋጭ ነው። አልሐምዱሊላህ።

ወደ ወልዩ ቀብር አሁን የምንልከው ከማሳው የተቆረጠ ጫት ነው፤ ያነሰ እስር። ሙሪዱ ተቀብለው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ማነሱን አያነሱም። የግድቡ ጀርባ ላይ አጭር ሣር በቅሏል። ባዶውን ሳየው ልቤ ቅር ይለዋል፤ ባለቤቴ ከፊቱ የቆመበት ቦታ ይታየኛል። ይኸ የእኛ አይደለም ያለው ትክክል ነበር እላለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን ያኔ አልተረዳንም።

እርሻ ስወርድ ያንን ነጭ ጆግ እይዛለሁ። ከአዲሱ ጠጠር መሃል ትንሽ ውሃ ዛሬም ትወጣለች፤ ባለሙያው ይህን ያህሉ አያስፈራም ብሏል። እቀዳለሁ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣለሁ፣ እስኪረጋ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከስሩ አያለሁ። እስካሁን ጥርት ያለ ነው። በእሷ ውዱእ አደርጋለሁ፤ ወጥቼ ጉብታው ላይ፣ ጠንካራው መሬት ላይ እሰግዳለሁ።